ኮንቴይነሩ ሞጆ ይራገፋል፣ ፍሬን ሸራው መርካቶ ይገዛል

አሮጌ ፒክ አፕ ያለው የሞጆ ነጋዴ ከጥቂት ዓመታት በፊት መኪናው ሲያስቸግረው ሦስት መንገድ ነበረው። ሸጦት ትንሽ ጨምሮ ሻል ያለ መግዛት፣ ጋራዥ አስገብቶ ጨርሶ ማሠራት፣ አለያም እየነካኩ ማኖር። የመጀመሪያው መንገድ ለብዙው ሰው ተዘግቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አውቶሞቢልን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳያገኙ ተደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ የ38ቱ ዕቃዎች ክልከላ ቢነሣም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄደ። ውሳኔዎቹ በዋናነት የተነጣጠሩት በቤት አውቶሞቢል ላይ ቢሆንም ጥላቸው በፒክ አፑም ገበያ ላይ አርፏል። ሃያ አምስትና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ቶዮታ ሃይሉክስ ወይም አይሱዙ ፒክ አፕ በደጁ ያለው ሰው መኪናውን እንደ አሮጌ ብረት ሳይሆን እንደ ቋሚ ንብረት ቢያየው አያስገርምም።

ሞጆ ደግሞ ፒክ አፕ ሥራ የሚፈታባት ከተማ አይደለችም። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የጅቡቲው መንገድና የሐዋሳው መንገድ በሚለያዩበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ትልቁን ጭነት ተሳቢው ይወስደዋል። ከማሳ እስከ አስፋልት ያለውን ግን፣ ከቆቃና ከመቂ ዙሪያ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን፣ ከሉሜ ገጠር ጤፉን፣ ከገበያ ገበያ የበጉንና የፍየሉን ቆዳ የሚያመላልሰው ኮድ 3 ፒክ አፕ ነው። ቲማቲም መካኒክ እስኪገኝ አይጠብቅም። መኪናው ሦስት ቀን ቢቆም ባለቤቱ የሚያጣው የሦስት ቀን ኪራይ ብቻ ሳይሆን ማሳ ላይ ቃል የገባለትን ገበሬና መርካቶ የሚጠብቀውን ተቀባይ ጭምር ነው። የአትክልት ንግድ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሒሳብ ያለ ወረቀት ያውቀዋል።

እንግዲህ በእሑድ ቀን በየግቢው ክሪክና የቁልፍ ሳጥን የሚያስወጣው ምክንያት ይኸው ነው። በቤት መጠገን የድህነት ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ «ጋራዥ መክፈል ያቃተው» ይባላል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በአሮጌ መኪና ጥገና ውስጥ ትልቁ ወጪ የእጅ ዋጋ መሆኑ ቀርቷል። ትልቁ ወጪ ዕቃው ነው፣ ከዕቃው ቀጥሎ መኪናው የሚቆምበት ጊዜ ነው። ሁለቱም ላይ ባለቤቱ ሥልጣን የሚኖረው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ሲገጥም ወይም ፊቱ ሲገጠም ነው። ጋራዥ የገባ መኪና ባለቤት ብዙውን ጊዜ «ዕቃ ገዝቼ ልምጣ» ለሚለው መካኒክ ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጣል፤ የሚመለስለት ደረሰኝ የሌለው ዋጋና የተገጠመ ዕቃ ነው። ካርቶኑን አላየም፣ ቁጥሩን አላነበበም፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ እንኳ አልተረከበም። መካኒኩ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፣ ብዙዎቹም ናቸው። ቢሆንም የገዛውን ዕቃ ያላየ ገበያተኛ ያለበት ገበያ መቼም ቢሆን አይስተካከልም።

በግቢው ውስጥ የሚሠራው ሰው ግን የመለዋወጫ ገበያው ጥሩ መርማሪ ነው። ፍሬን ሸራው በሁለት ወር ቢያልቅ፣ ኩሽኔታው ቢጮህ፣ ጎሚኒው ቢሰነጠቅ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። መካኒክን ማማት፣ «መንገዱ ነው» ማለት አይችልም። ገጣሚው እሱ ነውና ጥፋቱ የእጁ ይሁን የዕቃው ለይቶ ማወቅ ይገደዳል። ነጋዴዎች ይህን ዓይነት ደንበኛ እንደ ነዝናዛ ማየታቸውን ትተው ቢያቀርቡት ትርፉ የራሳቸው ነው።

እዚህ ላይ የሞጆው ነገር ያስቃል፣ ያሳዝናልም። በ2002 ዓ.ም. ግድም ሥራ የጀመረው የሞጆ ደረቅ ወደብ ከአገሪቱ ደረቅ ወደቦች ሁሉ ትልቁ ነው። ከጅቡቲ በመኪናም በባቡርም የሚመጣው ኮንቴይነር እዚያ ይራገፋል፣ ጉምሩኩን እዚያ ይጨርሳል። በውስጡ የመኪና መለዋወጫ የያዘው ኮንቴይነር ከሞጆ ተነሥቶ አዲስ አበባ ይወጣል፤ መርካቶ ገብቶ ሶማሌ ተራና አካባቢው ባሉት መደብሮች ይበተናል። ከዚያ የሞጆው ባለ ፒክ አፕ ጠዋት ተነሥቶ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ በደጁ ያለፈውን ኩሽኔታ ፍለጋ 70 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ማታ በፌስታል ይዞት ይመለሳል። የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ከመጣ በማግስቱ እንደገና ይሄዳል። በሞጆና 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው አዳማ የመለዋወጫ ሱቅ የለም ማለት አይደለም። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ አምፖል የመሳሰለው ቶሎ የሚሸጠው ይገኛል። አልፎ አልፎ የሚፈለገው ዕቃ ሲመጣ ግን መልሱ «እሱ መርካቶ ነው» ይሆናል።

መርካቶ የደረሰው ሰውም ገና መንገድ ይቀረዋል። በመጀመሪያ ቋንቋው ሦስት ነው። መካኒኩ የሚናገረው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ሞዞ፣ ቴስታታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ ነው። ሻጩ የሚናገረው ደግሞ የአገር ስም ነው፤ «ጃፓን ልስጥህ፣ ታይዋን፣ ቻይና?»። አገር ግን ጥራት አይደለም። የጃፓን ስም የታተመበት ካርቶን ጃፓንን ሳያይ ሊመጣ ይችላል፣ ጥሩ የቻይና ፋብሪካም ሞልቷል። ገዢው በዚህ ሁሉ መሐል ሊይዘው የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ቁጥር ነው።

ቶዮታ ለእያንዳንዱ ዕቃ አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፤ አምስት፣ ሰረዝ፣ አምስት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ዕቃው ምን እንደሆነ፣ የቀሩት አምስት በአብዛኛው ለየትኛው ሞዴል እንደሆነ ይለያሉ። ስለዚህ «የሃይሉክስ ፍሬን ሸራ» ብሎ መጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ሃይሉክስ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ የኖረ መኪና ነው፤ ባለ ሁለትና ባለ አራት ጎማ ነጂ አለው፣ ነጠላና ደብል ጋቢና አለው፣ 2 ነጥብ 4 እና 2 ነጥብ 8 ሊትር ናፍጣ ሞተር ከነቤንዚኑ አለው። የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተሩን ዓይነት በወረቀት ጽፎ ያልሄደ ሰው የሚገዛው ዕድሉን ነው። ከሁሉ የሚሻለው የወጣውን አሮጌ ዕቃ አጥቦ ይዞ መሄድ ነው፤ አሮጌው ዕቃ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከየትኛውም ደላላ ምላስ ይታመናል።

ኩሽኔታ ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። 6203 የተባለ ኩሽኔታ ማንም አገር ይሥራው ውስጡ 17፣ ውጪው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩ ዓለም አቀፍ ስለሆነ ሐሰተኛውም እውነተኛውም እኩል ይገባል። እንግዲህ ዋጋው የሚለያየው በልኩ ሳይሆን በብረቱ ነው፤ ብረት ደግሞ በዓይን አይታይም። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ነው የሚታየው፣ ያውም ሽንኩርት ጭኖ መቂ መንገድ ላይ። ለዚህ ነው ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን የሚሉ ስሞች በካርቶኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በቀለበቱ ላይ በጥራት ተቀርጸው መገኘታቸውን ማየት የሚያስፈልገው። በደንብ ያልተቀረጸ፣ በጥፍር ሲፈገፈግ የሚለቅ ጽሑፍ ካየ ገዢው ሱቁን ቢለቅ ይሻለዋል።

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚለው የሱቅ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያለ ደረሰኝ የሚገዛ ሰው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተረፈልኝ ይላል። የተረፈው ነገር የለም። የሸጠው ማስረጃ የመያዝ መብቱን ነው፣ ያውም በርካሽ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይናገራል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ለሸማቹ ቆሟል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው በየመደብሩ የተሰቀለ ጽሑፍ የሕግ አንቀጽ አይደለም፣ የግድግዳ ጽሑፍ ነው። ይሁን እንጂ ያለ ደረሰኝ ለገዛ ሰው ግድግዳው ከሕጉ ይበልጥበታል።

በቤት ስለሚሠራው ሥራ ራሱ የጋራዥ ባለቤቶች አንድ የሚያነሡት ወቀሳ አለ። ግቢ ውስጥ የተነካካ መኪና በመጨረሻ ወደ እኛ የሚመጣው ቡሎኑ ተልጦ፣ ዳዶው ጠፍቶ፣ ገመዱ ተበጥሶ ነው ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ስለዚህ ወሰኑ የት እንደሆነ በግልጽ መነገር አለበት።

ዘይትና ፊልትሮ መለወጥ፣ የዲናሞ ቺንጋ፣ ባትሪ፣ የራዲያተር ጎማ፣ ሾክ አብዞርበር፣ የባሌስትራ ጎሚኒ፣ ሞተሪኖ አውርዶ መስቀል፤ እነዚህን ትዕግሥትና ደህና ቁልፍ ያለው ማንም ሰው በግቢው ይሠራቸዋል። (የወጣውን የተቃጠለ ዘይት ለምስጥ እንዲሆን የአጥር እንጨት የሚቀባበት አለ፤ ቢያንስ ወደ ሞጆ ወንዝ አይደፋ፣ ወንዙ የቆዳ ፋብሪካው ይበቃዋል።) የሞዞ ኩሽኔታ አጥቦ ግራሶ ሞልቶ መመለስም በአቅም ውስጥ ነው። እንዲያውም በስምጥ ሸለቆው አቧራ የሚሠራ መኪና ይህን አዘውትሮ ይፈልጋል። ጥበቡ ያለው በማጥበቁ ላይ ነው፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ ኩሽኔታ ይቃጠላል፣ የላላ ጎማውን ያወዛውዛል። መጽሐፉ የሚለውን ልክ በቶርክ ቁልፍ መጠበቅ እንጂ «በእጄ አውቀዋለሁ» አይሠራም።

የኋላ ፍሬን ሸራ መካከለኛ ቦታ ላይ ነው። ሥራው አይከብድም፤ ስህተቱ ግን ሰው ይገድላል። በቤት የሚለውጥ ሰው የግራውንና የቀኙን አብሮ መለወጥ አለበት፤ አንዱን ለውጦ አንዱን የተወ መኪና ሲፈረን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። አንዱን ወገን ሳይነኩ ትቶ ሌላውን መፍታት ስፕሪንጎቹ እንዴት እንደነበሩ ለማየት ይረዳል። ታምቡሩ ውስጥ ያለውን አቧራ በአፍ መንፋት የለመደብን መጥፎ ልማድ ነው፤ በተለይ በድሮ ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ አለ። በውኃ አርጥቦ መጥረግ ነው። ከተገጠመ በኋላም መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው በሌለበት መንገድ ተፈትኖ እንጂ በዚያው ቀን አሥር ኩንታል ተጭኖበት አይወጣም።

የመሪ መገጣጠሚያ፣ የፍሬን ማስተር፣ የናፍጣ ፖምፓና ቴስታታ ግን የግቢ ሥራ አይደሉም። የታይሚንግ ቤልትም እንዲሁ። 2 ነጥብ 4 እና 2 ነጥብ 8 ሊትር የድሮ ሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ የሚለወጥ ቤልት አላቸው። ያ ቤልት ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ይወርዳል። በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ ብልህ ባለቤት መካኒኩን ቤቱ ይጠራል፤ ዕቃውን ራሱ በቁጥሩ ገዝቶ ያቀርባል፣ የእጁን ይከፍለዋል፣ አጠገቡ ቆሞ ያያል። ይህ ልማድ በክፍለ ሀገር ከተሞች የኖረ ነው፤ ለመካኒኩም አያዋርደውም። በስልክ ላይ በሚታይ ቪዲዮ ብቻ ተማምኖ ሞተር መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው የሚፈታው ሞተር የሞጆው መሆኑን ማን አረጋገጠ? እንግሊዞች ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለየመኪናው ሞዴል ለብቻ የሚታተም የሄይንስ የጥገና መጽሐፍ ስላላቸው ነው በጓሮ መጠገንን ባህል ያደረጉት።

አንድ ነገር ሳይጠቀስ ቢታለፍ ይቆጫል። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንሥቶ ከሥሩ መግባት፣ ወይም ብሎኬት ደርድሮ መደገፍ የሞት ሥራ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ደህና የብረት መደገፊያ ማንኛውም የሞጆ በያጅ ይሠራል፣ ወፍራም ግንድም ይሻላል። ለፍሬን ሸራ ዋጋ ሰዓታት የሚከራከር ሰው ለዚህ ሳንቲም ማውጣት የሚሰስተው ለምን እንደሆነ አይገባም።

ይህ ሁሉ ለደላላውም ጉዳይ ነው። በያገለገለ መኪና ገበያ ውስጥ ከሁሉ የሚወደደው ምስጋና «ምንም ያልተነካ» የሚለው ነው። ሞተሩ አልተነካም፣ ካምቢዮው አልተነካም፣ ዋጋው በዚያ ላይ ይወጣል። ለሦስት ዓመት መኪና ይህ ምስጋና ነው። ለሠላሳ ዓመት ፒክ አፕ ግን «አልተነካም» ማለት ቤልቱ አልተለወጠም፣ የፍሬን ዘይቱ ውኃ ስቦ ቆይቷል፣ የሞዞው ግራሶ ደርቋል ማለት ነው፤ አለያም ተነክቶ ተደብቋል ማለት ነው። ኪሎ ሜትሩን የሚቆጥረው ሰዓት ከሞተ በቆየ መኪና ላይ የመኪናው ታሪክ ሊገኝ የሚችለው ከደረሰኝ ብቻ ነው። ምን ዕቃ፣ በምን ቁጥር፣ በምን ቀን እንደተለወጠ የሚያሳይ አንድ ፋይል ደረሰኝ የያዘ ባለቤት ሊያዋርዱት ሳይሆን ጨምረው ሊከፍሉት ይገባል። ደላላውም «ባለቤቱ ራሱ ነው የሚሠራው» ሲባል ፊቱን ከማጥቆር «እስቲ ካርቶኖቹን አሳየኝ» ቢል ኮሚሽኑ የጸና ይሆናል፤ የሸጠው መኪና በሳምንቱ ተመልሶ ደጁ አይቆምበትም።

ገንዘብ ያለው ሰውስ? በሞጆ ቦታ ሲገዛ የከረመው ባለሀብት አብዛኛው ዓይኑ መጋዘንና ሆቴል ላይ ነው፤ ወደቡ፣ የ2007ቱ የአዳማ ፈጣን መንገድና ወደ ሐዋሳ የሚዘረጋው መንገድ ሲታሰብ አይፈረድበትም። የመለዋወጫ መደብር ግን ማንም አላሰበውም ያሰኛል። እርግጥ ነው መለዋወጫ ገንዘብ አስሮ የሚያስቀምጥ ንግድ ነው። አንድ ኩሽኔታ ስምንት ወር መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፣ በስምንት ወር ውስጥ ደግሞ ዶላር ምን እንደሚሆን ከ2016 ወዲህ ሁሉም አይቶታል። መርካቶ ይህን ሸክም የሚሸከመው ሺህ ገዢ ስላለው ነው። ሆኖም ሞጆ ውስጥ ሺህ ዓይነት ዕቃ መደርደር አያስፈልግም። በአካባቢው የሚዞሩት ፒክ አፖች ዓይነታቸው ከጣት ቁጥር ብዙም አይዘልም፤ ሃይሉክስ፣ አይሱዙ፣ ኒሳን፣ ማዝዳ፣ ላንድ ክሩዘር። ለእነዚህ የፍሬን፣ የሞዞ፣ የባሌስትራና የፍሪሲዮን ዕቃ በቁጥር ለይቶ ያስቀመጠ፣ ደረሰኝ ላይ ያንኑ ቁጥር የሚጽፍ፣ ሳይገጠም በካርቶኑ የተመለሰ ዕቃ የሚቀበል፣ የሌለውን ዕቃ ደግሞ ጠዋት ታዝዞ ማታ ከመርካቶ የሚያስመጣ ሱቅ ቢከፈት፣ ከሞጆ ባሻገር የመቂን፣ የቆቃንና የዝዋይን ባለ መኪና ሁሉ ከአዲስ አበባ መንገድ ያስቀራል። ለሚኒባስና ለውሎ የሚወጣውን ገንዘብ ገዢው በደስታ ለሱቁ ይተውለታል። የቶርክ ቁልፉንና የብረት መደገፊያውን ለእሑድ ቀን በኪራይ ቢሰጥማ፣ ሰኞ ጠዋት ዕቃ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው።